ከመቃብር በላይ የሚውለውን ስም ማን ይመርጠዋል?

“ምርጥ ዘፈኖች” የሚባሉት ስብስቦች ከቦብ ማርሌ እስከ ሙላቱ አስታጥቄ የሙዚቀኞችን ስም እንዴት እንደቀረጹ

(ዓመተ ምሕረት ካልተባለ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሜይ 21 ቀን 1981፣ ኪንግስተን፣ ጃማይካ። ናሽናል አሬና የተባለው ሰፊ አዳራሽ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቷል። መግቢያ ያጣው ሕዝብ ውጭ ቆሟል። በአዳራሹ ውስጥ የ36 ዓመት ጎልማሳ አስከሬን ያረፈበት ሣጥን አለ። በዙሪያው የቆሙት ካህናት የሚጸልዩት በግእዝ፣ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ነው። ሥርዓተ ፍትሐቱን የሚመሩት የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የምዕራቡ ንፍቀ ክበብ ሊቀ ጳጳስ አቡነ ይስሐቅ ናቸው። ሟቹን ከስድስት ወራት በፊት ያጠመቁትም፣ ብርሃነ ሥላሴ የሚል የክርስትና ስም የሰጡትም እሳቸው ነበሩ። ዓለም ግን የሚያውቀው ቦብ ማርሌ በሚለው ስሙ ነው።

መጽሐፍ ቅዱሱና ጊታሩ አብረውት ተቀበሩ። አብረውት የተጫወቱት ዌይለርሶች ሙዚቃውን አሰሙ፤ እናቱ ሴዴላ ቡከር አዜሙለት። ከዚያም አስከሬኑ ወደ ተወለደባት መንደር ወደ ናይን ማይል ተጓዘ፤ ሕዝቡም መንገድ ዳር ቆሞ ሸኘው። በዚያ ዕለት ኪንግስተን የቀበረችው ሰው ማንነቱ አያሻማም። አፍሪካን አንድ ሆና ለማየት የዘመረ፣ ኢትዮጵያን በልቡ የያዘ፣ የተጨቆኑትን ወገን ብሎ የተነሣ ሙዚቀኛ ነበር።

ሦስት ዓመት ቆይቶ፣ በሜይ 1984፣ አይላንድ ሪከርድስ የተባለው ኩባንያ ከዚሁ ሰው ሥራዎች 14 ዘፈኖችን መርጦ በአንድ ሸክላ አወጣ። ስሙንም “ሌጀንድ” አለው። አልበሙ በብሪታንያ ለ12 ሳምንታት የአንደኝነቱን ደረጃ ይዞ ቆየ። በዓለም ዙሪያ ከ25 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጠ። በአሜሪካው የቢልቦርድ የአልበሞች ሰንጠረዥ ላይ ከ800 ሳምንታት በላይ ቆይቷል። ዛሬ በየትኛውም አህጉር “ቦብ ማርሌን እወዳለሁ” የሚል ወጣት ብታገኙ፣ የሚወደው ማርሌ በአብዛኛው በእነዚያ 14 ዘፈኖች ውስጥ ያለው ማርሌ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሣል። እነዚያን 14 ዘፈኖች ማን መረጣቸው? ማርሌ በሕይወት አልነበረም። ሌላ ሰው መረጠለት፤ ያ ምርጫም ስሙ ሆኖ ቀረ። የስብስብ አልበም ታሪክ በአጠቃላይ የዚህ ዓይነት ታሪክ ነው። ሙዚቀኛው ሥራውን ይሠራል፣ ከሥራው ተመርጦ የሚዘልቀውን ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ንግዱ እንዴት ተጀመረ?

“ምርጥ ዘፈኖች” የሚለው አልበም ወግ ሆኖ የተተከለው በ1958 ነው። ኮሎምቢያ ሪከርድስ በዚያ ዓመት የአሜሪካዊውን ድምፃዊ የጆኒ ማቲስን ተወዳጅ ነጠላ ዘፈኖች ሰብስቦ አሳተመ። ድምፃዊው ጉዞ ላይ ስለነበር አዲስ አልበም ለመቅረጽ ጊዜ አላገኘም፤ ኩባንያው ደግሞ ለገበያ የሚያቀርበው ነገር ፈለገ። ያ ለክፍተት መሙያ የታሰበ ሸክላ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ ላይ ያለማቋረጥ 490 ሳምንታት ቆየ። ይህ ከዘጠኝ ዓመት በላይ መሆኑ ነው።

የሙዚቃ ኩባንያዎች ከዚህ ትልቅ ትምህርት ወሰዱ። አዲስ አልበም ሲወጣ ለስቱዲዮ፣ ለተጫዋች፣ ለአቀናባሪ ይከፈላል፤ ገበያው ይቀበለው አይቀበለው ደግሞ አይታወቅም። በስብስብ አልበም ግን ዘፈኖቹ ተቀርጸው ያለቁ፣ ወጪያቸው የተከፈለ፣ በሬዲዮ ተፈትነው ያለፉ ናቸው። የቀረው ሥራ መምረጥ፣ ቅደም ተከተል ማስያዝ፣ ሽፋን መሥራትና ማስታወቂያ መንገር ነው። ቅጂው በኩባንያው እጅ ስላለ ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው ነው።

ከዚህ ንግድ የወጣው ትልቁ ስኬት የአሜሪካው ቡድን ኢግልስ ስብስብ ነው። ከ1971 እስከ 1975 የተሠሩ አሥር ዘፈኖችን የያዘው ይህ አልበም በፌብሩዋሪ 1976 ወጣ። በአሜሪካ የፕላቲነም ማረጋገጫ የተሰጠው የመጀመሪያው አልበም እሱ ነው። በ2018 ደግሞ 38 ጊዜ ፕላቲነም ተብሎ የማይክል ጃክሰንን “ትሪለር” በሀገሩ ገበያ ቀደመው። ይሁን እንጂ የቡድኑ ስም ሲነሣ ቀድሞ ወደ ጆሮ የሚመጣው “ሆቴል ካሊፎርኒያ” በዚያ አልበም ውስጥ የለም። ዘፈኑ የወጣው ስብስቡ ገበያ ላይ ከዋለ ከአሥር ወራት ገደማ በኋላ ነበር። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ቤቶች ውስጥ የገባው የኢግልስ “ምርጥ” ምርጣቸው ከመሠራቱ በፊት የተዘጋ መዝገብ ነው።

መምረጫው ሚዛን ምን እንደሆነ ማየትም ያስፈልጋል። ቢትልሶች በ2000 “1” የተባለውን ስብስብ ሲያወጡ መስፈርቱ በብሪታንያ ወይም በአሜሪካ አንደኛ የወጣ ዘፈን የሚል ነበር። በዚህ ሚዛን 27 ዘፈኖች አለፉ። ብዙ የሙዚቃ ሰዎች ከቡድኑ ታላላቅ ሥራዎች አንዱ የሚሉት “ስትሮበሪ ፊልድስ ፎርኤቨር” ግን በብሪታንያ ሁለተኛ በመውጣቱ ምክንያት ቀረ። አልበሙ በአዲሱ ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አሥር ዓመታት በአሜሪካ ከሁሉ በላይ የተሸጠ ሆነ። ቢትልሶችን በዚያ አልበም ያወቀ አንድ ሙሉ ትውልድ የቡድኑን ታላቅነት የተቀበለው ከ30 ዓመታት በፊት በነበረ የሽያጭ ሰንጠረዥ በኩል ነው ማለት ነው።

ስብስብ የሞተ ስም የሚያስነሣበት ጊዜም አለ። የስዊድኑ ቡድን አባ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሥራ ሲያቆም ሙዚቃው ጊዜው ያለፈበት ተደርጎ መታየት ጀምሮ ነበር። በ1992 “አባ ጎልድ” ሲወጣ ግን 19 ዘፈኖች ጎን ለጎን ተሰልፈው የቡድኑን የዜማ ችሎታ ያለ ክርክር አሳዩ። ከዚያ በኋላ “ማማ ሚያ” የተባለው የመድረክ ቴአትር መጣ፤ ፊልሙም ተከተለ። በ2021 አልበሙ በብሪታንያ ሰንጠረዥ ላይ 1,000 ሳምንታት የሞላ የመጀመሪያው አልበም ሆነ። መራጭ እጅ ሲያጠብ ብቻ ሳይሆን ሲያነሣም ኃይሉ እንደዚህ ነው።

“ሌጀንድ” ሲሠራ

ወደ ማርሌ እንመለስ። ስብስቡን ያዘጋጁት በወቅቱ አይላንድ ሪከርድስን ይመሩ የነበሩት ዴቭ ሮቢንሰን ናቸው። ሮቢንሰን ከዓመታት በኋላ በሰጧቸው ቃለ መጠይቆች እንደተናገሩት፣ የማርሌ ዝና ትልቅ ሆኖ ሳለ የአልበሞቹ ሽያጭ ግን ዝናውን የሚያህል አልነበረም። ምክንያቱን ለማወቅ የገበያ ጥናት አስጠኑ። የጥናቱ መልስ ነጭ አድማጮች ሙዚቃውን እንደሚወዱት፣ የአብዮተኛው ማርሌ ገጽታ ግን እንደሚያስፈራቸው የሚያሳይ ነበር። ስለዚህ ምርጫው ወደ ፍቅር፣ ወደ መጽናናትና ወደ ጭፈራ አዘነበለ። ሽፋኑ ላይ የወጣውም ረጋ ብሎ በሐሳብ የተዋጠ ማርሌ ነው። አልበሙን ለማስተዋወቅ “ዋን ላቭ” የተሰኘው ዘፈን በቪዲዮ ተሠርቶ ወጣ፤ ፖል ማካርትኒ ሳይቀር ታየበት።

ለሮቢንሰን ፍትሕ መስጠት ይገባል። በስብስቡ ውስጥ “ጌት አፕ ስታንድ አፕ” አለ፤ “ሪደምፕሽን ሶንግ” አለ፤ “ኤክሶደስ” አለ። ማርሌ ሙሉ በሙሉ አልተገራም። ከዚያም በላይ አልበሙ ባይኖር ኖሮ ዛሬ በብራዚልም በጃፓንም በኖርዌይም ስሙን የሚያውቁት ሰዎች ሁሉ ላያውቁት ይችሉ ነበር። የተመረጡት ዘፈኖች ድንቅ መሆናቸውንም የሚከራከር የለም።

ሆኖም የምርጫ ትክክለኛ ስፋቱ የሚታወቀው የተተወውን በማየት ነው። የተተወው ደግሞ እኛን ይመለከታል።

ከምርጫው የቀረው ማርሌ

ማርሌ በሕይወት ሳለ በአሜሪካ የአልበሞች ሰንጠረዥ ከመጀመሪያዎቹ አሥር ውስጥ የገባው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። እሱም በ1976 በወጣው “ራስታማን ቫይብሬሽን” ነበር። ከዚያ አልበም አንድም ዘፈን “ሌጀንድ” ላይ አልገባም። በአልበሙ ውስጥ “ዋር” የተባለ ዘፈን አለ። ግጥሙ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኦክቶበር 4 ቀን 1963 ኒው ዮርክ ላይ በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ ፊት በአማርኛ ካደረጉት ንግግር ትርጉም፣ ቃል በቃል ለማለት በሚያስደፍር መንገድ የተወሰደ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያንን ንግግር ያደረጉት የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ከተመሠረተ ከጥቂት ወራት በኋላ ነበር። ዘርን ከዘር የሚያበላልጥ ፍልስፍና እስካልተወገደ ድረስ ሰላም እንደማይኖር ተናገሩ። ከ13 ዓመታት በኋላ አንድ ጃማይካዊ ንግግሩን በሬጌ ምት ላይ አሳርፎ ያንን ቃል ለዓለም ወጣት አሰማ።

እስቲ አስቡት። አንድ የመንግሥት መሪ ለዲፕሎማቶች በአማርኛ ያሰማው ንግግር የዓለም ሕዝብ የሚጨፍርበት ዘፈን ሲሆን ስንት ጊዜ ታይቷል? እንዲህ ያለው ሥራ ነው ከምርጫው ውጭ የሆነው።

ሁለተኛው ትልቅ ክፍተት “ሰርቫይቫል” ነው። ማርሌ በ1978 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ አዲስ አበባንና የራስተፈሪያን ማኅበረሰብ የሰፈረባትን ሻሸመኔን ጎበኘ። በማግስቱ ዓመት ያወጣው “ሰርቫይቫል” ሽፋኑ ከዳር እስከ ዳር በአፍሪካ ሀገራት ሰንደቅ ዓላማዎች የተሞላ ነው። ውስጡም እንደ ሽፋኑ ነው። ስለ አፍሪካ አንድነት፣ ስለ ዚምባብዌ የነጻነት ትግል፣ ጥቁር ሕዝብ ከደረሰበት ሁሉ ተርፎ ስለ መቆሙ ይናገራል። በኤፕሪል 1980 ዚምባብዌ ነጻ ስትወጣ ማርሌ ሀራሬ በሚገኘው ሩፋሮ ስታዲየም ተገኝቶ ተጫወተ። አዲሱ ሰንደቅ ዓላማ በተሰቀለበት በዚያ ሌሊት ለሕዝቡ ካሰማቸው መካከል የሀገሪቱን ስም የያዘው ዘፈኑ ይገኝበታል። ከ“ሰርቫይቫል” ወደ “ሌጀንድ” የገባው ዘፈን ብዛት ስንት ነው? ምንም።

በፌብሩዋሪ 2005 የማርሌ 60ኛ ዓመት የልደት በዓል መስቀል አደባባይ ላይ ሲከበር አዲስ አበባ ከአፍሪካና ከካሪቢያን በመጡ እንግዶች ተጥለቀለቀች። ባለቤቱ ሪታ ማርሌና ልጆቹ መድረክ ላይ ወጡ። ለበዓሉ የተሰጠው ስያሜ “አፍሪካ ዩናይት” የሚል ነበር። ቤተሰቡ ለአባታቸው ትልቅ ቀን የመረጡት ስም ከ“ሰርቫይቫል” የወጣ የዘፈን ርእስ ነው። ዓለም በ“ሌጀንድ” የሚያውቀው ማርሌና ቤተሰቡ በአዲስ አበባ ያከበረው ማርሌ የአንድ ሰው ሁለት ገጾች ናቸው። አንደኛው ገጽ ግን ከሌላው እጅግ አብዝቶ ተባዝቷል።

ኩባንያው ክፍተቱን ለመሙላት ሞክሯል። በ1992 “ሶንግስ ኦቭ ፍሪደም” የተባለ በአራት ሲዲ 78 ቅጂዎችን የያዘ ስብስብ ወጣ። ማርሌ በ1962 ገና በወጣትነቱ ከቀረጸው ዘፈን ተነሥቶ በ1980 ፒትስበርግ ላይ ባቀረበው የመጨረሻ ኮንሰርት ይደመደማል። ሰውየው ከነዕድገቱ፣ ከነቁጣው፣ ከነጸሎቱ የሚታየው እዚያ ውስጥ ነው። በ1995ም ለ“ሌጀንድ” ተከታይ የሆነ፣ የትግል ዘፈኖቹ በርከት ያሉበት ሌላ ስብስብ ታተመ። ሁለቱም መልካም ሥራዎች ነበሩ። አንዳቸውም ግን “ሌጀንድ”ን የሚያህል ቤት አልገቡም። ቀድሞ የገባው ስም ሥር ሰድዶ ነበር።

የእኛን ማን መረጠልን?

ይህ ሁሉ የሩቅ ሀገር ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ በዓለም ፊት ያለው ስም የተሠራውም በስብስብ አልበም ነው።

በ1948 በወጣ የንጉሠ ነገሥቱ ትእዛዝ ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ ነበር። በ1969 በሃያዎቹ ዕድሜ የነበሩት አቶ አምሃ እሸቴ ይህንን ጥሰው አምሃ ሪከርድስን መሠረቱ። የመጀመሪያውን ሸክላ በዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ቀርጸው፣ ቅጂውን ህንድ ልከው አሳተሙና አዲስ አበባ ላይ ሸጡ። እስከ 1975 ድረስ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላዎችንና አሥር ያህል ሎንግ ፕሌዮችን አወጡ። ካይፋ ሪከርድስና ፊሊፕስም በዚያው መንገድ ሄዱ። አብዮቱ ሲፈነዳና ሰዓት እላፊው ሲታወጅ የሌሊቱ ሙዚቃ ተዳከመ፤ አቶ አምሃም ወደ አሜሪካ ተሰደዱ። ሸክላውም ለካሴት ቦታውን ለቀቀ።

በ1984 ፍራንሲስ ፋልሴቶ የተባለ ፈረንሳዊ የሙዚቃ ሰው የማሕሙድ አሕመድን ሸክላ ሰማ። በማግስቱ ዓመት አዲስ አበባ መጣ። በ1986 የቤልጂየሙ ክራምድ ዲስክስ የማሕሙድን “እሬ መላ መላ” ለአውሮፓ አድማጭ አቀረበ። በ1997 ደግሞ ፋልሴቶ ከፓሪሱ ቡዳ ሙዚክ ጋር “ኢትዮፒክስ” የተባለውን ተከታታይ የሲዲ ስብስብ ጀመረ። ዛሬ ተከታታዩ ከ30 ቅጽ አልፏል። ከእያንዳንዱ ሲዲ ጋር የሚወጣው ትንሽ መጽሐፍ ዘፈኑ መቼ እንደተቀረጸ፣ ማን እንዳቀናበረው፣ የትኛው ባንድ እንደተጫወተው ይናገራል። ይህ ሥራ ሊመሰገን ይገባዋል። በሀገር ውስጥ ማንም ሳይዘግበው ሊጠፋ ይችል የነበረ ብዙ መረጃ በዚያ መንገድ ተርፏል።

አራተኛው ቅጽ በ1998 ወጣ፤ የሙላቱ አስታጥቄን የኢትዮ ጃዝ ቅንብሮች የያዘ ነው። በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም ዳይሬክተር “ብሮክን ፍላወርስ” በሚለው ፊልሙ ተጠቀመበት። በፊልሙ ውስጥ ቢል መሪ የሚጫወተው ብቸኛ ሰው ረጅም ጉዞ ሊጀምር ሲል ኢትዮጵያዊው ጎረቤቱ ዊንስተን ለመንገዱ የሚሆን ሙዚቃ በሲዲ ቀድቶ ይሰጠዋል። ሰውየው መኪናውን እየነዳ ከከተማ ከተማ ሲያልፍ የሙላቱ ሙዚቃ ይከተለዋል። አንድ ጎረቤት መርጦ የቀዳው ሲዲ በፊልሙ ታሪክ ውስጥ የሠራውን፣ አራተኛው ቅጽ በእውነተኛው ዓለም ሠራው። በ2010 የማርሌ ልጅ ዴሚየን ማርሌና አሜሪካዊው ራፐር ናስ አብረው ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ የሙላቱን “የግሌ ትዝታ” ናሙና ወሰዱ። በ2012 የቦስተኑ በርክሊ የሙዚቃ ኮሌጅ ለሙላቱ የክብር ዶክትሬት ሰጠ።

ሙላቱ ይህንን ክብር በሥራቸው ያገኙት ነው፤ ደስታውም የሁላችን ነው። ነገር ግን አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ድሬዳዋ ወይም ዋሽንግተን ያለ ኢትዮጵያዊ አባት “የዘመኑ ታላቅ ሙዚቀኛ ማን ነበር?” ተብሎ ቢጠየቅ በአብዛኛው የሚመልሰው ጥላሁን ገሠሠ ብሎ ነው። በኤፕሪል 2009 ጥላሁን ሲያርፍ ሀገር በመንግሥታዊ ሥርዓት ቀበረችው፤ ሕዝቡም አነባ። በ“ኢትዮፒክስ” ተከታታይ ውስጥ ጥላሁን 17ኛው ቅጽ ላይ ነው የሚገኘው። የቅጹ ቁጥር የደረጃ ምልክት አይደለም፤ በውጭ አድማጭ ዘንድ ያለው የዝና ልዩነት ግን እውነት ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የጥላሁን ኃይል ከድምፁ ጋር በግጥሙ ውስጥ ነው፤ አማርኛ ያልሰማ ጆሮ ግማሹን ያጣዋል። ያለ ግጥም የሚጫወት ኢትዮ ጃዝ ግን ቋንቋ ሳያግደው ድንበር ይሻገራል። ስለዚህ የውጭ አድማጭ ምርጫ የእኛን ቅደም ተከተል ገልብጦ አስቀመጠው። ክፋት የለበትም፤ የመረጠው ጆሮ የሌላ ሰው ጆሮ ስለሆነ ብቻ ነው።

የእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ታሪክ ይህን ይበልጥ ያጎላዋል። እማሆይ የመጀመሪያ ሸክላቸውን ያሳተሙት በ1967 በጀርመን ነበር። በ2006 በ“ኢትዮፒክስ” 21ኛ ቅጽ የፒያኖ ሥራዎቻቸው ተሰብስበው ሲወጡ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የኢትዮጵያ ገዳም ይኖሩ የነበሩት መነኩሲት በመላው ዓለም ታወቁ። ከዚያ ወዲህ ስማቸው ሲነሣ ሁሉም የሚያስበው ፒያኖ ብቻ ነበር። በማርች 2023 በ99 ዓመታቸው አረፉ። በቀጣዩ ዓመት “ሱቬኒርስ” የተባለ አልበም ወጣ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ውስጥ በቤታቸው በካሴት የቀረጿቸውና በአማርኛ የዘፈኗቸው ዜማዎች ናቸው። ለካ እማሆይ ያዜሙም ነበር። ዓለም ይህንን ለመስማት 18 ዓመት ጠበቀ።

የጠፉት ዓመታት

“ኢትዮፒክስ” በተለይ ያጎላው ከ1969 እስከ 1975 ያለውን ዘመን ነው። “ወርቃማው ዘመን” የሚለው አነጋገርም በዚሁ በኩል ጸና። በዚህ ምክንያት ብዙ የውጭ አድማጭ የኢትዮጵያ ሙዚቃ በአብዮቱ የቆመ ይመስለዋል። በደርግ ዘመን ያደገ ሰው ግን የካሴቱን ዓመታት ያውቃል። ሮሃ ባንድ በሥራ ብዛት እረፍት ያጣበት፣ ኤፍሬም ታምሩ፣ ነዋይ ደበበ፣ ኩኩ ሰብስቤ፣ ቴዎድሮስ ታደሰና በዛወርቅ አስፋው በየሙዚቃ ቤቱ ደጃፍ ከድምፅ ማጉያ የሚሰሙበት ዘመን ነበር። ሰዓት እላፊውም ሳንሱሩም እያለ ግጥሙና ዜማው አልሞተም። ከዓለም አቀፉ ምርጫ ውጭ ስለሆነ ብቻ አልነበረም ሊባል አይገባም።

ለካሴቱ ዘመን ሙዚቃ የውጭው በር የተከፈተው በሌላ መንገድ ነው። በዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ይጫወቱ የነበሩት ኃይሉ መርጊያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ ቀርተው ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ ነጂ ሆነዋል። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን ከመኪናው አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ1985 አኮርዲዮን ይዘው የሠሩትን ካሴት ኦውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለ አሳታሚ በ2013 እንዳለ፣ አንድም ዘፈን ሳይቀንስ፣ ዳግም አሳተመው። ኃይሉ ከዚያ በኋላ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ዳግም ተጫወቱ። አቀናባሪውና ድምፃዊው ግርማ በየነም ለረጅም ዓመታት ከሙዚቃ ርቀው ከኖሩ በኋላ፣ ፈረንሳዊው ባንድ አካሌ ውቤ አጅቧቸው የ“ኢትዮፒክስ” 30ኛ ቅጽ በ2017 በስማቸው ወጣ። ሁለቱም በሕይወት ሳሉ ስማቸውን መልሰው አገኙ። ይህ ለማርሌ ያልተሰጠ ዕድል ነው።

ዛሬ የሚመርጠው ማን ነው?

ሲዲው ቀርቷል፤ ምርጫው ግን አልቀረም። ዛሬ የአንድን ዘፋኝ ስም ስልካችሁ ላይ ስትጽፉ ቀድመው የሚደረደሩት ዘፈኖች ብዙ ጊዜ የተደመጡት ናቸው። ብዙ ስለተደመጡ ከላይ ይሆናሉ፤ ከላይ ስለሆኑ ደግሞ ይበልጥ ይደመጣሉ። ሮቢንሰን ቢያንስ ስሙ የሚታወቅ፣ ቃለ መጠይቅ የሚሰጥ፣ የሚጠየቅ ሰው ነበር። ይህኛው መራጭ ምክንያቱን አይናገርም። በኢትዮጵያ ዘፈኖች ላይ ችግሩ ይብሳል፤ በኢንተርኔት ላይ ከተጫኑት የድሮ ዘፈኖች ብዙዎቹ የግጥም ደራሲው፣ የዜማው ባለቤት፣ ያቀናበረው ሰውና ያጀበው ባንድ ስም አልተጻፈባቸውም። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ (ቁጥር 410/1996 ዓመተ ምሕረት) ከደራሲው ሌላ የከዋኙንና የሸክላ አሳታሚውን መብት አውቋል። ስሙ ያልተጻፈ ሰው ግን መብቱን በምን ያስከብራል?

ስለዚህ ስብስብ አልበም ጠላት ነው የሚል አቋም የለኝም። ጥሩ ስብስብ ለሙዚቀኛ በር ይከፍታል። የማየው ጉድለት አንድ ነው፤ መራጩ ለምን እንደመረጠና ምን እንደተወ ሳይነግረን ሲቀር፣ እኛም በሩን ቤቱ ነው ብለን ስንቀበል። ጥሩ ስብስብ መራጩን በስሙ ያስታውቃል፤ እያንዳንዱን ዘፈን ከዓመቱና ከሠሪዎቹ ጋር ይመዘግባል፤ ከተወዳጆቹ ጎን ሙዚቀኛው ራሱ የሚመካባቸውን ያስቀምጣል፤ ሙሉ አልበሞቹ የት እንደሚገኙም ይጠቁማል።

ይህ ሥራ የሚጠብቃቸው አሉ። የሬዲዮ ጣቢያዎች መዝገብ ቤት ውስጥ የተቀመጡ የቴፕ ቅጂዎች አሉ። ከክቡር ዘበኛ፣ ከፖሊስ ሠራዊትና ከምድር ጦር ኦርኬስትራዎች አንጋፋ ተጫዋቾች መካከል ዛሬም ሊጠየቁ የሚችሉ አሉ። አቶ አምሃ እሸቴና ዓለማየሁ እሸቴ ሁለቱም በ2021 አልፈዋል፤ እነሱን ከእንግዲህ መጠየቅ አይቻልም። የቀሩትን ግን ይቻላል። ሙዚቃ ቤቶች፣ ጣቢያዎች፣ የሙዚቃ ትምህርት ቤቶችና የሙያ ማኅበራት ተባብረው የጥላሁንን፣ የብዙነሽ በቀለን፣ የማሕሙድን፣ የካሴቱን ዘመን ልጆችም ሥራዎች በሙሉ መረጃ አደራጅተው ቢያወጡ፣ የሚቀጥለው ትውልድ እነዚህን ሰዎች በራሳችን ጆሮ ተመርጠው ያገኛቸዋል።

አንባቢም ድርሻ አለው። ቤታችሁ ውስጥ አሮጌ ሸክላ ወይም ካሴት ካለ አትጣሉት፤ ሽፋኑ ላይ ያለውን ስም ሁሉ ጽፋችሁ አስቀምጡ፤ ባለሙያ አግኝታችሁ አስገልብጡት። የምትወዱትን ዘፋኝ አንድ ሙሉ አልበም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አድምጡ፤ ልጆቻችሁንም አስደምጡ። ቦብ ማርሌን የምትወዱ ደግሞ “ሌጀንድ”ን ስትጨርሱ “ራስታማን ቫይብሬሽን”ንና “ሰርቫይቫል”ን ክፈቱ። ከአዲስ አበባ እስከ ሀራሬ የዘለቀው ማርሌ ያለው እዚያ ነው።